ግራ ስትታጠፍ የምትገለበጠው ባቡር

ሰበታ ነው የምኖረው። ከሥራ ስመለስ የመጫወቻ ባቡር ሀዲድ በእጄ እሠራለሁ። ሰሞኑን ግን ሀዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ብሞርደው ብሞርደው አልስተካከል አለኝ። ግቢዬ ቆሜ ለጓደኛዬ በስልክ፣ «የምሠራው ሀዲድ ላይ ባቡሯ ግራ ስትታጠፍ ትገለበጣለች» አልኩት።

በማግስቱ በስተግራ ያሉት ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» ብላቸው፣ «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ።

ነገሩ ዞረብኝ። የምድራት እህት የለችኝ፣ ልጅ አልወለድኩ።

«ሀዲዱን የምትሠራው አንተ ነህ አሉ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «እባክህ በቀኝ አሳልፍልን። በዚህ በኩል ልጆች አሉ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስገባኋቸውና ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የክንድ ያህል ሀዲድ አሳየኋቸው። ባቡሯንም ለቀቅኳት። ግራ ታጠፈችና ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሽማግሌው ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞሩ።

«ናሙናዋ እንዲህ ከሆነች፣ ትልቋማ ምን ልታደርገን ነው?»