ዳገቱ ላይ የሸተተን ዓሳ

ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ሞተር መንዳት መጀመሬን የሰማ ሁሉ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አማተበ። ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እያበሰልኩ በየበራቸው የማደርስ ሴት ነኝ፤ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ከጋዜጣ ቁራጭና ከሰው አፍ የለቀምኩ። የኤሌክትሪክ ሞተሯን ከገዛሁ ገና አሥራ አንድ ቀኔ ነው። የማወራችሁ ከዊንጌት ተነስተን እስከ እንጦጦ ወገብ ስለሄድነው መንገድ ነው። ይሄ ደግሞ ጉዞ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ለአባቴ ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር የፈጀ መንገድ ነው።

ንጋት 12፡10፣ ዊንጌት

አባዬ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ በር ላይ ቆሟል። መነሳቱን ሳይ ማመን አቃተኝ። የምንሄደው ታላቅ እህቱ ዘንድ ነው፣ እቴቴ ወርቄ ጋ። ከጉለሌው የእጽዋት ማዕከል አጥር በላይ ነው ቤቷ። ዛሬ ግን ዕቃዋን ጭና ደብረ ብርሃን ልጇ ዘንድ ልትኖር ትሄዳለች። መኪናው አንድ ተኩል ላይ ይነሳል ብለውናል።

አባዬና እቴቴ አይነጋገሩም። አባዬ ከእማዬ ጋር በወጣትነታቸው ወንጌል ተቀብለው ወደ ጸሎት ቤት የተሻገሩ ናቸው፤ እቴቴ እንደ አባቶቿ ከደብሯ አልወጣችም። ሠላሳ ስንት ዓመት ይሄ አላጣላቸውም። እማዬ ባረፈች በአርባኛው ቀን ግን እቴቴ ዳቦና ጠላ አዘጋጅታ፣ በሰው አሸክማ መጣች። አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እያየ፣ «እኛ ቤት ተዝካር የለም፤ ይዘሽ ተመለሽ» አላት። ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እንሂድ ባልኩት ቁጥር አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ፣ አንዴ ዝናብ መጣ ይላል።

ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አያት። አባዬ ዊንጌት መታጠፊያው ላይ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ነበር። መኪና ገና ሳይቆም ፍሬኑ መቃጠሉን በአፍንጫው የሚያውቅ ሰው ነው።

«ድምፅም የላት፣ ሽታም የላት» አለ። «ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ሲታመም ይሸትሻል። ይቺ ስትታመም በምን ትነግርሻለች?»

«አትታመምም አባዬ፣ አዲስ ናት።»

«አዲስማ እኔም ነበርኩ።»

ከኋላዬ ሲቀመጥ መቀመጫው ኮሽ አለ። ከነላስቲኩ ነው። እኛ ቤት አዲስ ነገር አይገፈፍም። እማዬ የገዛችው ሬዲዮ ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ነው ያረጀው። ቁልፎቹን በላስቲኩ ላይ እየተጫንን ዜና ሰምተናል።

12፡20፣ ከዊንጌት ወደ ላይ

ልጅ ሆኜ በአባዬ አሮጌ ሞተር ታንክ ላይ እየተቀመጥኩ ነው ያደግኩት። ያኔ ጉለሌ ለኔ አንድ ሽታ ብቻ ነበረው፤ ቤንዚን። ዛሬ ሞተሯ የራሷ ሽታ የላትምና ሰፈሩ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል። የዳቦ ቤቱ እርሾ። ከሆስፒታሉ አጥር ሥር በረኪና። ትኩስ ሲሚንቶ። በቆርቆሮ ከታጠረው ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ድሮ ቤቶች ከነበሩበት፣ የረጠበ የጭቃ ግድግዳ ሽታ። ቤቱ ፈርሶ እንዴት ሽታው እንደቀረ እንጃ።

አንድ የታክሲ ሾፌር ጎኔ መጥቶ በመስኮት ብቅ አለ።

«እናት ዓለም፣ ሞተሩ ጠፍቶብሻል!»

«አልጠፋም፣ እንዲህ ነው!»

«ታዲያ ሽማግሌው ናቸው የሚገፏት?»

አባዬ ሲስቅ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ሳሙና አልሸተተሽም?»

ሸትቶኛል። አንዲት ሴት ደጇ ላይ የልብስ እጣቢ እየደፋች ነበር። አባዬ ግን ሌላ ሳሙና ነው የሸተተው። ድሮ እዚህ ሰፈር ፋብሪካ ነበር፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር መንደሩ በሙሉ ገና የታጠበ ይመስል ነበር። እማዬ ልጃገረድ ሆና እዚያ ማሸጊያ ክፍል ትሠራ ነበር።

«ቆሎ የምትሸጠው እትዬ ወርቄ ነበረች፣ በሩ ላይ» አለኝ ጆሮዬ ሥር። «‹አንድ ልጅ አይቼልሃለሁ፣ ሳሙና ሳሙና የምትሸት› አለችኝ። እሷ ናት ያገናኘችን።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እቴቴ ያን ዳቦ ለማን ተሸክማ እንደመጣች ያኔ ገባኝ።

12፡35፣ የእጽዋት ማዕከሉ አጥር

ዳገቱ ከበደ። ባህር ዛፉ አለቀና የጥድና የወይራው እርጥብ ሽታ መጣ፤ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ጦስኝ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አባዬ መቀመጫው ላይ ባለው ላስቲክ እየተንሸራተተ ወደኋላ ይሄድብኛል፤ ጃኬቴን ይዞ ራሱን ይጎትታል፤ እንደገና ይንሸራተታል።

«አንቺ ልጅ፣ አቁሚ። ዓሳ ሸተተኝ።»

«የምን ዓሳ?»

«የተጠበሰ ዓሳ። አቁሚ።»

እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ገና በማለዳ፣ ዓሳ! በሆዴ «በቃ፣ መጣ» አልኩ። ጉልበት አለቀ፣ ዝናብ አለቀ፣ አሁን ደግሞ ዓሳ። እህቱ ፊት ላለመቆም የፈጠረው መሰለኝ። እና፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ።

«አባዬ፣ ዛሬ መመለስ የለም!»

«መመለስ አላልኩም፣ አቁሚ ነው ያልኩት!»

አላቆምኩም። እጀታውን ይበልጥ ጠመዘዝኩት። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን ለኔም ሸተተኝ፤ እውነትም ዓሳ፣ የከረመ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ። ወዲያው ሞተሯ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። ከመቀመጫው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ቅጠል የተሸከመች፣ ማጭድ የያዘች ሴት ከላይ እየወረደች ነበር፤ ሸክሟን ግንድ ላይ አስደግፋ አፍንጫዋን ያዘች።

«በስመ አብ! ዓሳ እየጠበሳችሁ ነው?»

መቀመጫውን አነሳሁት። የኤሌክትሪኩን ኃይል የምትመጥነው ጥቁር ሣጥን ከነሽቦዎቿ ከፋብሪካ በመጣችበት ላስቲክ እንደተጠቀለለች ናት። ሻጩ «ይሄን ንቀይው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዝናብ እንዳይነካት ብዬ በላዩ ላይ ሌላ ላስቲክ ደርቤበት ነበር። የሽቦዎቹ ልባስ ግሎ ለስልሷል፤ ዓሳው እሱ ነው።

አባዬ አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ከፍነሻት እኮ ነው! በምን ትተንፍስ?»

«ወዴት ነበራችሁ?» አለች ሴትዮዋ።

«ወይዘሮ ወርቄ ቤት።»

«ይኼው ጭነው ገመድ እያሰሩ ነው። ቶሎ በሉ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባዬ ለዓመት የፈለገውን ሰበብ በገዛ እጄ ሰጠሁት፤ ያውም እውነተኛውን። «እንመለስ» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?

ባርኔጣውን አስተካከለ። «አንቺ ሞተርሽን ጠብቂ። ማጭዷን ተዋሺና ላስቲኩን ቅደጂው፤ ሳይበርድ እንዳትነኪው። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚያ ጉልበትህ?»

«እና ለዓሳ ብዬ ልቅር?»

ሄደ። አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ አሥር። ልከተለው ተነሳሁ፤ ዞር ሳይል በእጁ መለሰኝ።

1፡25፣ ጠመዝማዛው ላይ

ሴትዮዋ በማጭዷ ላስቲኩን ስትቀድልኝ እየሳቀች ነው። «እኔም ቤት ምጣዱ ብቻ ነው ያልተሸፈነ» አለችኝ። የቀረውን እኔ ገፈፍኩት፤ የመቀመጫውን፣ የመብራቱን፣ የእጀታውን። ግማሽ ሰዓት ቆመን አበረድናት። የለሰለሱት ሽቦዎች እንዳይነካኩ ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ የሰጠችኝን ጨርቅ በመሃላቸው አስገባሁ። ቁልፉን ሳዞር መብራቷ ቦግ አለ። ሴትዮዋን ሳልሰናበት መነሳቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

በእርጋታ ወጣሁ። አባዬን ከመጨረሻው ጠመዝማዛ በታች ደረስኩበት። ካፖርቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል፤ ሱሪው አንድ ጉልበቱ ላይ አፈር ነው። ወድቆ ነበር። አቆምኩለት። ከኋላዬ ወጣ። መቀመጫው አሁን አያንሸራትትም፣ ወገቤን ግን አልለቀቀም።

1፡40፣ እቴቴ ደጅ

መኪናው ተነስቷል ብዬ ነበር፤ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ሞተሩን እያሞቀ ነው። ከላዩ አልጋ፣ በርሜል፣ የተገለበጠ ወንበር። እቴቴ ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። አባዬ በበሩ በኩል ቆሞ ወደ ላይ አያት።

«እትዬ።»

«ገለታ» አለችው፤ ስሙን ከአፏ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። «በምን መጣህ?»

«በሞተርም በእግሬም።»

«ጉልበትህስ?»

«አለ።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነካ አደረገ። «እማማ፣ እንሂድ እንጂ!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ሳትዞር።

አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። «ያን ቀን ሰው ፊት መለስኩሽ። በድያለሁ።»

«ዳቦውን አትብላ፣ ሃይማኖትህ ነው» አለች እቴቴ። «ግን ግቢ እንኳ አላልከኝም። እኔም እኮ አልቅሼላት አልጨረስኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና በሩን ከፈተችው። «ኮቱ» አለችው በልጅነት ቋንቋቸው፣ በኦሮምኛ፣ ና እንደማለት። እጁን ይዛ ሳበችው፤ እኔ ከታች ገፋሁት። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ወርዶ ገመዱን መፈተሽ ጀመረ። ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስታወቱ ተዘግቶ ስለነበር የተባባሉትን አልሰማሁም። መኪናው የሄደው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ወር አባዬ አንድ ማለዳ ልብሱን በትንሽ ቦርሳ አድርጎ መናኸሪያ ሄደ። ብቻውን ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ወረደ። እህቱ ዘንድ ስድስት ቀን ተቀመጠና ተመለሰ።