ማተቤ የቀየረው ቀይ ዘይት

መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ከመካኒኩ ከማተቤ ግቢ ነበረች። ማተቤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ዝምተኛ ሰው ነበር። በጉርምስናው ከጭልጋ ወርዶ ሰሊጥ አጨደ፤ ከዚያ ገዳሪፍ ተሻግሮ አንድ ሱዳናዊ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ካምቢዮ፣ የመኪናን የማርሽ ሳጥን፣ ፈትቶ መግጠም የተማረው እዚያ ነው። የተመለሰው በአብዮቱ ማግስት፣ መሬት ለአራሹ ሆነ ሲባል ሰምቶ ነበር። መሬቱን አላገኘም። ኮኪት አጠገብ ያለ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ጠጋኝ አድርጎ ቀጠረው።

ሚስቱ ውባንች ልጅ አልወለደችም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ፈንቴን እሷ ስላሳደገችው፣ ለእሷ ወንድምም ልጅም እሱ ነበር። እኔ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ በእርሻው ትራክተር ይነዳል። ግራ ዓይኑን በልጅነቱ የግራር እሾህ አጥፍቶበታል። እንዲያም ሆኖ በ1977 ለብሔራዊ ውትድርና ተያዘ። ዝርዝሩን የጻፈው የወረዳው ካድሬ ሸዋዓለም ነበር፤ የአንድ ነጋዴ ልጅ ከዝርዝሩ ወጥቶ ቦታው ሲጎድል ፈንቴን ሞላበት። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

ውባንች ቢሮው በር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ሲወጣ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ጌታዬ፣ ልጁ ዓይኑ አንድ ነው። በምኑ ይተኩሳል?"

ሸዋዓለም ሳቀ። "ለማነጣጠር እኮ አንዱን መጨፈን አይቀርም። እሱ ከጓዶቹ ይልቅ ተገላግሏል" አላትና ወደ መኪናው ገባ።

መርዶው በስምንተኛው ወር ከሰሜን መጣ። ውባንች ከዚያ ቀን ወዲያ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

ያቺ መኪና የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ከአንድ የሱዳን ነጋዴ በኮንትሮባንድ ስም ተወርሳ፣ ለመንግሥት ገቢ ሆነች ተብሎ፣ በሳምንቱ ሸዋዓለም እጅ ገባች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ጥቁር አረንጓዴ የአሜሪካ መኪና ነበረች፤ ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር ነው። ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሿን ራሷ ትቀያይራለች። የጭነት መኪናና ትራክተር ብቻ በሚያውቅ አገር፣ ሸዋዓለም በበጋው ደረቅ መንገድ ወደ ኮኪት ሲያስጋልባት ሰው ሥራውን ትቶ ያይ ነበር። ጎዳና ላይ የሰው ፍየል ገጭታ ስትሄድም ማንም አልተናገረም።

ሚያዝያ 1979 አንድ እሑድ ጠዋት መኪናዋ እያጓራች ግቢያችን ቆመች። ሸዋዓለም ከመሪው ሳይወርድ ማተቤን ጠራው።

"ጓድ ማተቤ፣ የዚህችን ዓይነት ሱዳን ትሠራ ነበር አሉኝ። ማርሽ ስትቀይር ትዘገያለች፤ ከዚያ እንደ በቅሎ ትራገጣለች።"

ማተቤ ኮፋኖዋን ከፈተና የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ። ከእኔ ደብተር አንድ ነጭ ወረቀት አስቀድዶ ጫፉን ጠረገበት። ወረቀቱ ላይ የቀረው ጠብታ እንደ ከሰል ውኃ ጥቁር ነበር። አሸተተው።

"ይህ ቀይ መሆን ነበረበት፣ ጓድ። በሙቀቱና በሩጫው ነዷል። መቀየር አለበት።"

"ቀይረዋ! እርሻው ዘይት መቼ አጣ?"

"ያለው የትራክተር ነው። ለእሷ አይሆንም። የእሷ ገላባት እንጂ እዚህ አይገኝም።"

ሸዋዓለም ጥቂት አሰበ። "ነገ ተሻገርና አምጣ። ለኬላው እኔ እነግራለሁ፣ ወረቀት አያስፈልግም። መኪናዋ እዚሁ ትቆይ፣ እስከ ረቡዕ ትድረስልኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስትሠራት ሩቅ መንገድ ትችላለች? ሳትቆም?" አለው።

"በትክክለኛው ዘይት ካርቱምም ትደርሳለች" አለ ማተቤ። ያን ጊዜ የሸዋዓለም ፊት ትንሽ መለወጡን ሁለታችንም አየን፤ ነገሩ ግን አልገባንም።

ማተቤ ሰኞ ደረቁን የድንበር ወንዝ ተሻግሮ የሱዳኗ ገላባት ገባ። መለዋወጫ የሚሸጠው ሽማግሌ ኸሊፋ የጥንት ወዳጁ ነው፤ ሁለት ዓይነት ጣሳ አወጣለት። ሁለቱም ዘይት ቀይ ነው፣ ሁለቱም ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ማታ ሲመለስ ልዩነቱን ለእኔ ያስረዳኝ የነበረው እንደ ልጅ እየፈነደቀ ነው።

"አየህ መምህር፣ አንደኛው ማርሹን ቆንጥጦ ይይዛል። ጉልበት የሚወዱ ነጂዎች እሱን ይላሉ፣ መኪናዋ ስትወረወር ደስ ይላቸዋል። ሌላው አለስልሶ ያስተላልፋል። የሠራት ፋብሪካ ግን የቱን እንደምትፈልግ ዘንጉ ላይ በፊደል ቀርጾታል።" መዳፉን ዘረጋልኝ። ፊደሉን እንዳይረሳው በእስክሪብቶ ገልብጦት ነበር። "ኸሊፋ ቆንጣጩን ውሰድ፣ ለፈጣን መኪና እሱ ነው አለኝ። እኔ የተጻፈውን አመጣሁ። ቀለሙ አንድ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው ካምቢዮ ያቃጥላል።"

ውባንች ማሽላ እየለቀመች ትሰማ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"የትራክተሩን ጨምርበት" አለች።

ማተቤ የተዘረጋውን መዳፉን አጠፈ።

"አንተው ነህ ያልከው፣ አይሆናትም ብለህ። ጨምርበት። መንገድ ላይ፣ ሽፍታ ካለበት በረሃ መሀል ትቁምበት። እግዜር ያደረገው ይመስላል።"

"ውባንች፣ መኪናዋ ምን አደረገችኝ?"

"ለብረት ያዘንከውን ያህል ለፈንቴ ብታዝን..." አለችና ንግግሯን ሳትጨርስ ተነሥታ ገባች። ማተቤም እራቱን ሳይበላ አደረ።

ማክሰኞ ግን ከንጋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ መኪናዋን በግንድ ላይ አሳርፎ፣ ሥራውን ጀመረ። ትምህርት ቤት ደርሼ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተቃጠለውን ዘይት አፈሰሰ። የካምቢዮውን የታች ክዳን ፈትቶ ከሥሩ የረጋውን ጭቃ በጣቶቹ መሀል አሸው። "ይህ ግራጫው ዱቄት ምንም አይደል፣ የዕድሜ ነው። ፍንካች ብረት ቢኖር ነበር መጥፎው" አለኝ። ወንፊቱን በቤንዚን አጠበ። ጨርቅ ስሰጠው ክር ይለቃል፣ ክሩ ገብቶ ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ መለሰልኝና በፀሐይ አደረቀው። ከዚያ አዲሱን ዘይት ጨምሮ ከተማውን አንድ ጊዜ ዞረባት፤ መልሶ አፈሰሰውና እንደገና ሞላ። የመጀመሪያው ጥቁሩን አጥቦ እንዲወጣ ነው። በመጨረሻም ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱን ሳይለቅ፣ በዘንጉ ደጋግሞ ለካ። ወረቀቱ ላይ አሁን የታየው ጠብታ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ ነበር።

"ግባ" አለኝ።

በኮኪት መንገድ ወሰደኝ። ማርሹ መቼ እንደሚቀየር አይታወቅም፤ መኪናዋ ግራና ቀኝ ያለውን የማሽላ ማሳ እየጠቀለለች ሄደች። ማተቤ ሳቀ። ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ጥርሱን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ስንመለስ ውባንች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የባሏን ፊት አየችና ጀርባዋን ሰጠችን።

ሸዋዓለም ረቡዕ መኪናዋን ወሰደ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው በሙቀቱ ቤቱ ሲገባ፣ ለስብሰባ ጎንደር እወጣለሁ ብሎ ተነሣ። ወደ ጎንደር ግን አልዞረም። በቀጥታ ወደ ድንበሩ ወረደ። የኬላው ወታደሮች አለቃቸው ነውና ሰላምታ ሰጥተው ገመዱን አነሡለት። የተኮሱት አቧራው ወዲያ ማዶ ከታየ በኋላ ነው። የወረዳውን ማኅተምና የመሥሪያ ቤቱን ካዝና ይዞ ነበር። መኪናዋ አንዴም ሳትቆም ገዳሪፍ ገባች።

ማተቤን ከቀትር በኋላ ከትራክተር ሥር ጎትተው ወሰዱት።

የጠየቁት ምን እንደሆነ በኋላ ራሱ ነገረኝ። መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር አለ።

"ይህ ሰው የሚስትህን ወንድም እንዳስበላ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ቂም የለህም?"

"አለኝ።"

"ቂም ያለው ሰው የጠላቱን መኪና እንዲህ አሳምሮ ይሠራል? ድንበር ተሻግሮ ዘይት ያመጣል? ያለ ወረቀት?"

"እሱ ነው የላከኝ። ሥራዬም ስለሆነ ነው።"

"ሥራህማ ትራክተር ነው። ከእሱ ጋር ባትዶልት ኖሮ አበላሽተህ ትሰጠው ነበር። እኔ ብሆን አበላሽ ነበር" አለው መርማሪው። ከዚያ የቀኝ እጁን ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት።

በሳምንቱ ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠራ። የፀረ ሕዝቡ ሸዋዓለም ተባባሪ በሆነው በማተቤ ላይ አብዮታዊ እርምጃ እንዲወሰድ የምትደግፉ ተባለ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ከፊቴ የተቀመጠው የጤና ረዳት አወጣ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አወጣ። እኔም አወጣሁ። ውባንች በጥቁር ልብሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አየችኝ። እጄን ለማውረድ ጊዜው አልፎ ነበር።

አልገደሉትም። ጎንደር ወስደው ሁለት ዓመት ተኩል አሰሩት። ውባንች በየሁለት ወሩ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ ስንቅ ታደርስለት ነበር። እኔን ከቤቷ አላስወጣችኝም፤ ኪራይም ትቀበለኝ ነበር፤ ግን አላናገረችኝም።

በ1982 መስከረም መጨረሻ ሲፈታ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ደርቀው ነበር። ቁልፍ መጨበጥ አይችልም። እርሻው መልሶ አልቀጠረውም፤ ኮኪት አንድ የሰሊጥ መጋዘን በረኛ ሆነ። በዚያው ሰሞን ኸሊፋ ሰላምታ ልኮለት ወሬውን አብሮ ላከ። ሸዋዓለም ገዳሪፍ ስደተኛ ነኝ ብሎ ተመዝግቦ፣ መኪናዋን ለአንድ ባለጸጋ ሸጦ፣ በዓመቱ አውሮፓ ሄደ። መኪናዋ አሁንም ሙሽራ ታመላልሳለች፣ ካምቢዮዋ ንክች አላለም ብሎ ጨመረበት። ለወዳጁ ደስ የሚለው መስሎት ነው።

አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ አብሬው ተቀምጬ፣ ያን ዕለት እጄን ማውጣቴን ነገርኩት።

"ውባንች ነግራኛለች" አለ።

"ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።"

አንድ የጭነት መኪና ሰሊጥ ጭኖ እያቃሰተ አለፈ፤ ጆሮውን አቅንቶ እስኪርቅ አዳመጠው።

"ሁለተኛ ማርሹ ሊበላበት ነው" አለና ወደ መጋዘኑ ገባ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም።

በ1983 መጀመሪያ ወደ አይከል ተዛወርኩ። ስነሣ ማተቤ ኮኪት ሥራ ላይ ነበር፣ አልተሰነባበትንም። ውባንች ሻንጣዬ እስኪጫን እጇን አጣጥፋ ቆየች። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ክፍሌን ጠርጋ፣ ሁለት ጆንያ ማሽላ ጎትታ አስገባችና በሩን ቆለፈችው።