መቃብር የመቆፈር ተራ

አያታችን በልጅነቷ ከማጂ ወገን ተነጥቃ ጌሻ የገባች ናት። የሸጣትንም የገዛትንም ሰው በስም ታስታውስ ነበር፤ የእናቷን ስም ግን ረስታው ሞተች። ቀኛዝማች ተሰማ ቤት ስትፈጭ ኖራ እናታችንን እዚያው ወለደች። ባሪያ ነፃ ነው ተብሎ ሲታወጅ እናታችን ነፍስ ያወቀች ልጅ ነበረች። የምትቆምበት መሬት ስላልነበራት ግን ከዚያው ደጅ አልራቀችም።

መሬት ያገኘነው በደርግ ጊዜ ነው። ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ከቀኛዝማች ቤት ሰው ሲሞት መቃብሩን የምንቆፍር እኛ ነን። የእኛ ሙት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ ይቀበራል። እኛ በጠጣንበት ጣሳም አይጠጡም።

ታላቅ እህቴ አልጣሽ ባሏ ከሞተ በኋላ እንሰት እየፋቀች፣ ቆጮውን ደካ ገበያ እየሸጠች ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳደገች። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሰፈሩ እድር እኛንም በአባልነት ተቀበለ። በእድሩ ደንብ መቃብር የሚቆፈረው በተራ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት የቀኛዝማች ልጅ እትዬ የምሥራች አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ልዑልቃል መጥቶ ከደጅ ተጣራ።

«አልጣሽ! አክስቴ አርፈዋል። ልጆችሽን ዶማ አስይዘሽ ላኪ።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ለልቅሶው እመጣለሁ። ተራው የማን ነው?»

«የምን ተራ?»

«የእድሩ።»

ሳቀ። «ዴሞክራሲ መጣ ተብሎ አክስቴ ሳይቀበሩ ሊያድሩ ነው? አያትሽ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?»

«አያቴ አፍ አልነበራትም። እኔ አለኝ። ተራችን ሲደርስ ያላችሁትን እንቆፍራለን።»

እሱ ከሄደ በኋላ፣ ምድጃ ዳር የተኛችው እናታችን ማልቀስ ጀመረች። «ልጄ፣ ላኪያቸው። እኔን ማን ይቀብረኛል?»

«እኔ እቀብርሻለሁ፤ ከአጥሩ ውስጥ» አለቻት።

ልጆቹ አልሄዱም፤ እኔም አልሄድኩም። አልጣሽ ብቻዋን ለልቅሶ ብትሄድ ከድንኳኑ መለሷት። በሳምንቱ እድሩ ከአባልነት አስወጣን። ገበያም ላይ ቆጮዋን የሚገዛት ጠፋ፤ ተሸክማ ወጥታ ተሸክማ ትመለስ ጀመር።

ክረምቱ ሳይወጣ እናታችን ሞተች። ጥሩንባ የሚነፋ፣ ድንኳን የሚተክል አልነበረም። በዝናብ ተሸክመናት ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቄሱ አባ ሀብተ ማርያም ቆመው ጠበቁን።

«አልጣሽ፣ ከወንዙ ማዶ ቦታ አላችሁ አይደለም እንዴ?»

«አባ፣ የተጠመቀችው እኮ ከአጥሩ ውስጥ ነው።»

አባ ሬሳውን አዩት። ከዚያ ከበሩ ላይ ዘወር አሉ።

እኔና ልጆቿ ቆፈርን። ያ ቀይ አፈር በዝናብ እየተናደ ተመልሶ ይገባብናል። ሰዎች ከመንገዱ ላይ ሆነው ያዩናል፤ ልዑልቃልም ከመሀላቸው ነበር። የከለከለን የለም፤ ያገዘንም የለም። ሬሳውን የምናወርድባቸው ሁለት የቃጫ ገመዶች አራት ጫፍ ነበራቸው፤ እኛ ወንዶቹ ሦስት ነን። በአገራችን ሴት ሬሳ አታወርድም። አልጣሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አራተኛውን ያዘች። ከመንገዱ ላይ አንዷ «ኧረ ጉድ!» ስትል ሰማሁ። እህቴ ዞራ አላየችም።

እድሩ ቆይቶ መልሶ አስገባን። ለምን እንዳስገባን የነገረን ሰው የለም፤ አንድ ቀን ተራ ደርሷችኋል ተባልን፤ ቆፈርን።

አልጣሽ የሞተችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢሕአዴግ ሊወርድ ሲቃረብ ነው። ጥሩንባ ተነፋላት፤ ድንኳንም ተተከለ። የመቆፈሩ ተራ የልዑልቃል ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል። ዶማውን ይዞ በጊዜ መጣ፤ ከእናታችን ጎን ጥልቅ አድርጎ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ቆፈረላት።

ከቀብር ስንመለስ ትልቁ ልጇ ውኃ በጣሳ አቀረበለት። ልዑልቃል ጣሳውን አየት አደረገው።

«ይቅርብኝ፤ ከወንዝ እጠጣለሁ» ብሎ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።