የአዲሱ አሠልጣኝ ወረቀት

አዲሱ አሠልጣኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ልጆቹን ሄልሜታቸውን ማስወለቅ ነው። ኦገስት ላይ ነበር፣ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሠፈር፣ ልጄ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ካለ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ሽፍቴ ማለዳ ስለሚጀምር ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ከአባቶች ልምምድ ለማየት የምንመጣው እኔና አንድ ጋናዊ ብቻ ነን።

ይሄ በእግር የሚመታው ኳስ አይደለም። ጫፍና ጫፉ የሾለ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበት ነው። ልጄ ከፊት ከሚደረደሩት አምስት ግዙፎች አንዱ ነበር። አምስቱ ኳስ አይነኩም። ሥራቸው ከኋላቸው ያለው ወርዋሪ እንዳይመታ እነሱ መመታት ነው። ነጥብ ሲቆጠር ስማቸውን የሚጠራ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ የኖርኩት ይህንኑ ነው።

የድሮው አሠልጣኝ ሁለት ልጆችን ጠባብ ቦታ ላይ ፊት ለፊት ያቆምና ፊሽካ ይነፋል። አንዱ እስኪወድቅ ይጋጫሉ። የወደቀው ይነሳል፣ እንደገና ይጋጫሉ። የሄልሜቱ ድምፅ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። ልጄ አይወድቅም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አዲሱ ፊሽካ የለውም። ጉልበቱ የተበላሸ ወፍራም ሰውዬ ነው፣ ሲናገርም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሣሩ ላይ ነጭ ፕላስተር አስምሮ ልጆቹን በባዶ ራሳቸው እላዩ ላይ ያስረግጣቸዋል። "ቀኝ። ግራ። ቁም።" ተጋጣሚያቸውን እንዳይጨብጡ በሁለት እጃቸው የቴኒስ ኳስ ያስይዛቸዋል። ሄልሜት ያላደረገ ልጅ በጭንቅላቱ አይጋጭም፣ እግሩንና እጁን መጠቀም ይማራል አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ግጭት የለም።

"ወንድሜ፣ ልጆቻችንን ሊድራቸው ነው እንዴ?" አለኝ ጋናዊው። "የሠርግ ጭፈራ እኮ ነው የሚያስተምራቸው።"

"ታዲያ ሙሽሪት የታለች?" አልኩት።

"ያቺ ናት" ብሎ የራሱን ልጅ አሳየኝ። ተጠባባቂ ነበር፣ ከልጄም ይገዝፋል። ሳቅን።

ከዚያ አሠልጣኙ ወላጆችን ጂም ውስጥ ሰበሰበን። "እኔ እዚያ መስመር ላይ ብዙ ዓመት በጭንቅላቴ እየተጋጨሁ ተጫውቻለሁ" አለ። "ዛሬ እዚህ ያደረሰችኝ ሚስቴ ናት። መንዳት አላቃተኝም። መንገዱ ነው የሚጠፋብኝ።" ማንም አልሳቀም። አንድ አንድ ወረቀት አደለን። እሁድ እሁድ ወላጅ ሞልቶ ልጁ ሰኞ ይመልሳል። ጥያቄው አራት ነው፦ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ራሱን ያመዋል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ጠባዩ ተለውጧል ወይ።

"ልጆቹን ብጠይቃቸው ይዋሹኛል፣ መጫወት ይፈልጋሉ" አለ። "እናንተ አትዋሹኝም።"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ። ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። "እርስዎ ባይኖሩ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ እሞት ነበር" ስላቸው "አሁንም ጽሑፍህ የጣት አሻራ ይመስላል" ይሉኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት። እስከዚያ ድረስ እዚህ አገር የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በሚስቴ እጅ ነበር የሚያልፈው። የአሠልጣኙን ወረቀት ግን ራሴ እሞላለሁ አልኳት። ስክሪብቶ አውጥቼ አራቱም ጥያቄ ሥር በእንግሊዝኛ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው እሁድም እንደዚያው። በሚቀጥለውም።

ውሸት አልመሰለኝም። ስለ ጤና ሲጠየቅ ሌላ ምን ይባላል? አባቴ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤት እንዴት ነህ ቢለው "ተመስገን" ነው ያለው።

ኦክቶበር መጨረሻ አርብ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ መስመሩን ሊያይ ይመጣል ተባለ። ልጄን ከወደደው ይወስደዋል። ልጄ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ከዘሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር የሚሆነው።

ያ አርብ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዌስተን የሚባል ሠፈር ሄደው ተጫወቱ፣ እኔም ሄጄ ነበር። አንድ ልጅ ከጎን መጥቶ አገጩ ላይ መታው። ቶሎ ተነሳ፤ ከእኔ በቀር አሠልጣኙም ሌላውም አላየም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አስታወከ። ቤት ገብተን ኪችን ቁጭ ሲል ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

"ዳዲ፣ መብራቱን አጥፋው።"

መብራት አልበራም ነበር። በመስኮት የገባ ፀሐይ ነው።

ሚስቴ የአዛውንቶች ቤት ነው የምትሠራው። "ሆስፒታል እንሂድ" አለች። ልጁ "አይም ፋይን ማሚ፣ ጀስት ደክሞኝ ነው" ብሎ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈ። እኔም ይተኛ አልኳት። ሦስት ቀን ተኛ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወረቀቱን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ጻፈው።"

"ምኑን?"

"ያየኸውን ነዋ! ማስታወኩን፣ ፀሐዩን።"

"የቤቴን ጉድ ለፈረንጅ ልጻፍ?"

"ራስ ምታት ከመቼ ወዲህ ነው ጉድ የሆነው?"

"ከጻፍኩት አያሰልፈውም። ሰውዬው የሚመጣው አርብ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጌታ ልብ ይስጥህ" ብላ ተነስታ ሄደች። እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ።

ሰኞ አጥሩ ጋ ነበርኩ። በነጩ ፕላስተር ላይ ይረግጣሉ። አሠልጣኙ "ቀኝ" አለ፤ አራቱ ወደ ቀኝ፣ ልጄ ወደ ግራ። እንደገና "ቀኝ" አለ። ልጄ እግሩን ቁልቁል አየና ግራውን አነሳ። ልጆቹ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። በድሮው ልምምድ ቢሆን ማንም አያውቅበትም ነበር፤ መጋጨት ቀኝና ግራ አይጠይቅም።

አሠልጣኙ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ።

"ሰባት ወረቀት አለኝ" አለ። "ሰባቱም አንድ ነው።"

"ደህና ስለሆነ ነዋ።"

"ሌሎቹ ወላጆች እህቱን ሰደበ፣ ቁርሱን ጥሎ ሄደ፣ ምኑን ምኑን ይጽፉልኛል። ያንተን ልጅ በሰባት ሳምንት አንድ ቀን ጥርሱን እንኳ አላመመውም።"



"ሚስቴም ስለ እኔ ሲጠይቋት ደህና ነው ነበር የምትለው" አለ። "ብዙ ዓመት።" ከዚያ ባዶ ወረቀት በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጠኝ። "ዛሬ እግሩን የሳተው እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም። ቤት ውስጥ ያየኸው አንተ ነህ።"

ልጄ ከሜዳው መሐል ያየናል። የቴኒስ ኳሶቹ እጁ ላይ ናቸው። "ዳዲ!" ብሎ ጮኸና አትጻፍ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ወረቀቱን የመኪናዬ ኮፈን ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ሐሙስ አስታወከ። ፀሐይ ያመዋል። ሦስት ቀን ተኛ። የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። አሠልጣኙ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ሄዶ ልጄን ከመስመሩ አወጣው።

ሚስቴ ለምን ሐሳብህን ቀየርክ ብላ ጠይቃኛለች። ልቤ ተነክቶ ነው ብል ውሸት ነው። ቀኝ ሲባል ግራ የሄደውን እግር አይቻለሁ፣ በቃ።

በዚያው ዕለት ዶክተር ጋ ወሰድነው። ጭንቅላቱ ተጎድቷል፣ ዘንድሮ ጨዋታ የለም አሉ። ስንመለስ ልጄ ከኋላ ነበር የተቀመጠው።

"ሰባት ጊዜ የጻፍከውን መጻፍ ነበር" አለኝ። "ዋን ሞር ታይም።"

"ልዋሽ?"

"ሁልጊዜ ትዋሽ የለ እንዴ።"

ሚስቴ አልተቆጣችውም። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

አርብ የዩኒቨርሲቲው ሰው መጣ። ቀይ ጃኬት ለብሶ ከወርዋሪው በኩል ሳይሆን ከመስመሩ በኩል ቆመ። በልጄ ቦታ የገባው የጋናዊው ልጅ ነው። ጋናዊው ሲያየኝ ሰላም ሊለኝ እጁን አነሳና መሐል ላይ ተወው። ከዚያ አጥሩን ይዞ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። አልፈረድኩበትም። ልጁን ሊያይ ነው የመጣው፤ እኔን አጠገቡ አቁሞ እንዴት ይደሰት።

ልጄ ጥቁር መነጽር አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አምስቱ ሲነሱ እግራቸው እኩል ተነሳ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቁም። ወርዋሪው አንድም ጊዜ አልወደቀም። እንደዚያ ዓይነት መስመር እዚያ ሜዳ ላይ አይቼ አላውቅም። የአዲሱ አሠልጣኝ ልምምድ ይሠራል። ጨዋታው ሲያልቅ ቀይ ጃኬቱ የጋናዊውን ልጅ ትከሻውን ይዞ ረጅም ጊዜ አነጋገረው። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ምንም አልተሰማኝም።

መኪናውን አስነስቼ ጠበቅኩት። ልጄ በአጠገቤ አልፎ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈረ። በየፌርማታው እየቆምኩ እስከ ሠፈራችን ድረስ ከኋላ ከኋላ ነዳሁ። የኋላ መኪናዎች ጥሩምባቸውን ነፉብኝ። ሲወርድ አላየኝም፤ ወይም አይቶኝ እንዳላየ ሆኖ ነው።