በር የሌለው ሽንት ቤት

አትሳቁብኝና፣ ዛሬም ውሃ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ሲንቆረቆር ስሰማ መጀመሪያ የሚሰማኝ ጥማት ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንማር ከአንኮበር አጠገብ፣ ከጎረቤላ የመጣን ሁለት ሴት ልጆች ነበርን፣ እኔና ጓደኛዬ። የግቢው ሽንት ቤት በር አልነበረውም። ከፊት ለፊቱ ወንዶቹ ተከራዮች ፀሐይ እየሞቁ ካርታ ይጫወታሉ። የትምህርት ቤቱም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ ብልሃት አበጀን፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አንቀምስም፣ ከመጣብንም ጥርሳችንን ነክሰን እንይዛለን። ጨዋነት ይመስለን ነበር፤ እንዲያውም ማን ይበልጥ እንደቻለች እንፎካከርበት ነበር።

አንድ ሰሞን ጓደኛዬን ሽንቷ ያቃጥላት ጀመር። ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል፣ ስትቀመጥ ግን ጠብ ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ ጎኗን ወጋት፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት። አከራያችን ግንባሯን ዳስሰው፣ "ይሄማ ከወንድ የመጣ ነው" አሉና ለእናቷ ደወሉ።

እናቷ በማግስቱ በሚኒባስ ደረሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። "ልብሷን ሸክፊ። ትምህርቱ ይብቃት፣ ይዣት እገባለሁ" አሉኝ።

ጓደኛዬ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያ መዞሯ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ከወንድ ጋር ቆማ እንኳ አይቻት አላውቅም።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት" ብዬ ለመንኳቸው።

ሽንቷ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ነርሷ፣ "ውሃ ትጠጫለሽ?" አለቻት።

"አልጠጣም።"

"ሽንትሽንስ ትይዣለሽ?"

ጓደኛዬን እንባ ቀደማት። "በር የለውማ!"

ነርሷ ወደ እናቷ ዞረች። "እማማ፣ የሴት ልጅ የሽንት መስመር አጭር ነው፣ ጀርም ቶሎ ይገባበታል። ውሃ ካልጠጣች፣ ሽንቷንም ከያዘች፣ ይራባል። ወንድ ያልነካትንም ይይዛል። ደግ አደረጋችሁ፤ ብትቆይ ኩላሊቷን ይጎዳት ነበር።"

ግቢ ስንገባ እናቷ መድኃኒቷን አስዋጧትና ውሃ ቀዱላት።

"ጠጪ። ጨርሺው።"

ወደ ሽንት ቤት ስትነሳ ተከትለዋት ወጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ ወጥረው ያዙና ካርታ ተጫዋቾቹን አፍጥጠው ያዩዋቸው ጀመር። ሰዎቹ ካርታቸውን ሰብስበው ገቡ።

እስኪሻላት ድረስ እንዲያ እየቆሙ ሰነበቱ። ልብሷን እንድሸክፍ ዳግም አልጠየቁኝም። የሚሄዱ ዕለት ነጠላውን በሚስማር ደጃፉ ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ ክንዳቸውን አጣምረው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ያን ሰሞን በአንኮበር መንገድ ውርጩ አይጣል ነበር።