በአየር ላይ የተቀየረው ጎማ

ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አውሮፕላን ጎንደር፣ አዘዞ አረፈ። ሲያርፍ አንድ ጎማው ተቀደደ። የተጎዳ ሰው የለም።

ያ አውሮፕላን እኔንና አባቴን ይዞ መመለስ ነበረበት። የአባቴ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀኙን ሞራ የሚያነሳለት ሐኪም አዲስ አበባ የቀጠረው ለዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሐኪሙ ማታውኑ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። አባቴ ግን ከቁስቋም አዘዞ እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ ያወራው ስለ ዓይኑ አልነበረም፤ ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ስላለማሳደሱ ነበር። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። ማኅተም የጎደለው ወረቀት አይቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጎንደር የተመደበው መካኒክ ጎማውን ሲቀይር ከመጠበቂያው አዳራሽ በመስኮት አየሁት። ስለ ጎማ የማውቀው ነገር የለም፤ ሥራውን ሁለት ጊዜ ሲፈትሽ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አሳፈሩን። አባቴ ስለማያይ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ክፍቱ በር አጠገብ አስቀመጡን፤ በሩ ላይ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ካፒቴኗ የጥገናውን መዝገብ ገልጣ ቆማለች፤ መካኒኩ ደረጃው ላይ ነው።

«ጎማው የተቀደደው ስድስት ከአሥር ላይ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። አንተ ደግሞ ቀይሬ የጨረስኩት አምስት ከአምስት ነው ትላለህ።»

«አምስት ከአምስት ነው እኮ፣ ካፒቴን።» ጊዜውን ያየበትን የእጅ ሰዓት አሳያት።

የአውሮፕላን መዝገብ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት ላይ ሦስት መደመር ማለት ነው። እሷ ደምራለች። እሱ እጁን ጠርጎ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ እንደ ማንኛውም የጎንደር ሰው ጻፈ።

«በዚህ መዝገብ መሠረት ጎማውን የቀየርከው አየር ላይ ሳለን ነው» አለችው።

ከኋላችን የተቀመጠ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሳቁን ለቀቀው። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ መካኒክ ካለንማ ለምን መሬት ላይ እንቆማለን?» ከዚያ አንገቱን አስግጎ መዝገቡን አየ። «ወንድሜ፣ አምስቷን ስምንት አድርጋት። አንዲት ጭረት ናት፤ ማን ያያታል?»

ጎማ ሲቀይር ያላላበው መካኒክ አሁን አላበው። እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። እኔም እንዲያደርገው ፈልጌ ነበር። በእኛ በጋዜጠኞች ሙያ ስህተት የሚታረመው ከሳምንት በኋላ፣ ማንም በማያነበው ጥግ ላይ ነው።

«ተው! እንዳትነካት!» አባቴ ነው የጮኸው። «አምስቷ ስምንት የሆነችባት መሬት ስንት ዓመት እንዳከራከረች እኔን ጠይቀኝ! አንድ መስመር አስምርባት፤ የተሰረዘው ይነበብ። ትክክለኛውን ጎኗ ጻፍ። ከዚያ ፈርም።»

ካፒቴኗ ዞር ብላ አየችው። «አባባ ጥገና ክፍል ነበሩ እንዴ?»

«መዝገብ ቤት።»

«ደንቡ እንዳሉት ነው።»

«ምነው ጋሼ!» አለ ነጋዴው፤ ስለ ሐኪሙ ስናወራ ሰምቷል። «የሚያመልጠው እኮ የእርስዎ ቀጠሮ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን አገባህ? ዓይኑ ያንተ ነው?»

መሰረዙ ብቻውን አልበቃም። አዲስ አበባ ያለው የጥገና መቆጣጠሪያ እርማቱን አይቶ የፈቃድ ቁጥር መስጠት አለበት። መካኒኩ ገጹን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ከራሱ በላይ ይዞ በአጥሩ ጥግ በቀስታ መሄድ ሲጀምር ጥምቀቱ ገና ያላለቀ መሰለኝ። ነጋዴው አንቀላፋ። አባቴ በየአምስት ደቂቃው ይጠይቀኛል፤ ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ ግን አይደለም።

«ቁጥሩ መጣ?»

«አልመጣም፣ አባዬ።»

«ሳይመጣ እንዳይነሱ።»

ቁጥሩ ከሰዓት በላይ አስጠብቆን መጣ። መካኒኩ ሲጽፈው እያንዳንዱን አኃዝ ጮክ ብሎ ለአባቴ አነበበለት፤ ማንም አላዘዘውም። ካፒቴኗ ፈረመች። ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ተነሳን።

ሆስፒታሉ የደረስነው ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። ነርሷ መዝገቧን ገለጠች። «አባባ፣ ቀርተዋል ብለን ስምዎን ሰርዘነዋል።»

«ተፋቀ ወይስ ተሰረዘ?»

«እንዴት?»

«ስሜ ይነበባል?»

አየችው። «በመስመር ነው የተሰረዘው። ይነበባል።»

«እንግዲያው ጎኑ ‹መጥቷል› ብለሽ ጻፊና ፈርሚ።»

እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጻፈች፤ ፈረመች። ወረቀቱን ይዛ ገባች። ሐኪሙ የመጨረሻ ሰው አድርጎ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተቀበለው።

ፋሻው የተፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው። አባቴ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ቀጥሎ የእጁን። ግድግዳው ላይ ያለው አምስት ደቂቃ ይቀድማል አለ። በስልኬ አመሳከርኩት። የሚቀድመው አራት ደቂቃ ነው።