የፎቶኮፒው ዓይን
እዚህ ፊጂ፣ ሱቫ ከተማ ዝናቡ ሲበረታ የቢሮአችን ፎቶኮፒ ማሽን ያምፃል፤ ያኔ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ይመጣሉ። ሱሉ የምንለውን ሽርጥ አገልድመው፣ በማሽኑ ላይ እጃቸውን ሲሰዱ፣ በእኛ ዘንድ ነውር የሆነውን በሰው አናት ላይ እጅ ማሳለፍ ያደረጉ ይመስል "ይቅርታ" ይሉታል። ሻይ ስንሰጣቸው፣ የስኳር በሽታ ስላለባቸው፣ ስኳሩን በመዳፋቸው ይመልሳሉ።

"ወረቀት ተቀርቅሯል ይላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው" አለቻቸው ትናንት ጸሐፊያችን ሜሬኦኒ።

"ወረቀት የሚያይበት ዓይኑ አቧራ ለብሶ ነው፣ ልጄ። ብርሃኑ ሲጋረድበት የሌለ ወረቀት ይታየዋል።"

የማሽኑን ዓይን በጥጥ ጠራርገው አንድ ባዶ ወረቀት ኮፒ አደረጉ። አዩት። መስተዋቱን ወልውለው ደገሙ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ወረቀቱን ደግመው አዩት።

"ይቺ መሃል ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ አልለቅ አለችኝ።"

ሜሬኦኒ ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

"የቷ ነጥብ፣ አጎቴ? ንጹሕ ነው እኮ!"

ሽማግሌው ጥጡን አንስተው መስተዋቱን እንደገና መወልወል ጀመሩ።